አባ ይጠበቁ በበገና ቤት

ወልደ ሰንበት ገብረ ሕይወት ይባላል፤ በ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ ሲገባ ዕድሜው ዐርባ አራት ዓመት ነበር። የአባቱን ስም ጨምረን የጻፍነው በአንኮበር ከተማ እንዲህ አሟልቶ የሚጠራው ሰው ስለሌለ ነው። ፈረስ ሳይኖረው፣ ዘመቻ ሳይወጣ፣ ጋሻ ሳያነግብ አገሩ ተባብሮ የፈረስ ስም አውጥቶለታል፤ አባ ይጠበቁ ይሉታል።

ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ አንድ ቆጣሪ አይጠፋም። ካህኑ ጸሎት ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ አስተናጋጁ ማድጋውን ሲያዘነብል፣ መንገደኛው ጭነቱን አጥብቆ «በሉ እንነሣ» ሲል፣ ያ ሰው እጁን ከነጠላው ውስጥ አውጥቶ፣ ጉባኤውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለቅሞ፣ «አልሞላንም» ይላል። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ጥላው ይዞራል፣ የተራበው ያጉረመርማል፤ እሱ ግን ደጅ ደጁን ያያል። በሰፈሬ እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል አንባቢ ካለ፣ ሰውየው ምናልባት እሱ ራሱ እንዳይሆን ደኅና አድርጎ ይመርምር።

ክቡር አባ ይጠበቁ በዚህ ማዕርግ ላይ ተወዳዳሪ አልነበረውም። የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኞች ዐሥራ ሁለት ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ፣ አያ ወልደተንሣኤ፣ በኅዳር ወር ዐረፉ። በታኅሣሥ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ዳቦው ተባርኮ ሊቆረስ ሲል የታወቀው ድምፅ ከወደ ጥግ ተሰማ።

«ጎበዝ፣ አልሞላንም።»

«ደግሞ ማን ቀረ?» አሉ የማኅበሩ አስተናባሪ ሽማግሌ።

«አያ ወልደተንሣኤ።»

«አያ ወልደተንሣኤን ቀበርናቸው እኮ፣ አንተ ሰው! ቃሬዛውን ከፊት የያዝከው ራስህ አይደለህም?»

«አውቃለሁ፣ አባቴ። ቦታቸው ላይ ግን ሰው አልተቀመጠም።»

ሁሉም ዞረው አዩ፤ እውነትም ከመደቡ ላይ አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ነበር። በመጨረሻ የነፍስ አባታቸው ጽዋቸውን ይዘው ተነሡና በክፍተቱ ላይ ተቀመጡ። ዳቦው ሊቆረስ ሆነ። ወልደ ሰንበት ግን ዓይኑን ካህኑ ከተነሡበት ቦታ ላይ አልነቀለም፤ አሁን ባዶ የሆነው እሱ ነበርና።

ሌላ ጊዜ ሰባት ሆነው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ሲወርዱ ከመካከላቸው አንዱ የረሳሁት ስልቻ አለ ብሎ ተመለሰ። ስድስቱ ከአፋፉ ላይ በካፊያ ውስጥ ከማለዳ እስከ ቀትር ቆሙ። «ይመጣል» ይላል ወልደ ሰንበት፤ «ቀረሁ አላለም፤ መጣሁ ነው ያለው።» ሰውየው በዚያ ሰዓት ከቤቱ እሳት ዳር ተቀምጦ ባቄላ ይቆረጥም ነበር። ገበያው ተበተነ፤ ስድስቱ ጨውም በርበሬም ሳይገዙ በሰባተኛው ሰው ደጅ አልፈው ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ አንኮበር ውስጥ ለመንገድ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «አባ ይጠበቁ አብሮን ይሄዳል ወይ?» ብሎ ሆነ።

ለዚህ ሁሉ በደል ተጠያቂው እምቢልታ ነው።

እምቢልታ የሚባለው ሦስት ሸምበቆ ነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ አጭር። የጣት ቀዳዳ የላቸውም። አንዱ ሸምበቆ አንድ ድምፅ፣ ቢበዛ ሁለት ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ቢያስጨንቁት አይገኝበትም። ስለዚህ አንዱ ዜማ ለሦስት ሰው ተቆርሶ ይታደላል፤ ረጅሙ ጥሎ ሲያልፍ መካከለኛው ያነሣል፣ መካከለኛው ሲለቅ አጭሩ ይቀበላል፤ ከሩቅ የሚሰማ ሰው አንድ ትልቅ ጉሮሮ የሚዘምር ይመስለዋል። ትምህርቱ ሰባት ዓመት ነው። አንድ ድምፅ ለማውጣት ሰባት ዓመት? ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ድምፁማ በሰባት ቀን ይለመዳል። ሰባት ዓመት የሚፈጀው ዝምታው ነው፤ የሌላው ተራ ስንት እስትንፋስ እንደሚፈጅ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ሳይቸኩሉ ሳይዘገዩ ባዶውን ቦታ ለባለቤቱ መጠበቅ። በባልንጀራው ቦታ ላይ የነፋ ተማሪ በአለንጋ ይገረፋል። ወልደ ሰንበት ሰባት ዓመት የተገረፈው ለዚህ ነው፤ ትምህርቱም በሚገባ ገብቶታል።

መካከለኛውን ሸምበቆ ይዞ በቤተ መንግሥቱ ዐሥራ ስምንት ዓመት ነፋ። ረጅሙ የወልደአረጋይ ነበር፤ ዋርካ የሚያህል፣ ቃል የማይበዛበት ሰው። አጭሩ የገብረአማኑኤል ነበር፤ ቀልደኛው እሱ ነው። ሦስቱ ከመለማመዳቸው የተነሣ ወሬ እንኳ የሚያወሩት ተካፍለው ነበር፤ ወልደአረጋይ ይጀምራል፣ ወልደ ሰንበት መካከሉን ይነግራል፣ ገብረአማኑኤል ያስቅበታል። ታዲያ አሁን ወልደ ሰንበት ብቻውን ሲያወራ «እናም በቅሎዋ ከአጥሩ ላይ ቆማ አየችን» ብሎ ከወገቡ ይጀምርና ያቆማል፤ ሰሚውም በቅሎዋ እንዴት እንደ ወጣች፣ በኋላስ ምን እንደ ሆነች ሳያውቅ ይሞታል።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲዛወር ወልደ ሰንበት ከቆላ በያዘው ንዳድ ተኝቶ ነበር። ሁለቱ ባልንጀሮቹ ከአልጋው ራስጌ ቆሙ። «ስትድን እናስጠራሃለን» አለ ወልደአረጋይ። ገብረአማኑኤል የሚያስቅ ነገር ፈልጎ አጣ። ሄዱ። ወልደ ሰንበት በሰባት ወር ዳነ። ያልተጠራ እምቢልተኛ ግን ወደ አደባባይ አይቀርብም፤ ሥርዓቱ ይህ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ ከሚታይበት ከፍታ ላይ ወጥቶ የራሱን ድርሻ ይነፋል። አንድ ድምፅ ያወጣል፤ ዝም ይላል፤ የሁለት ሰው ተራ ሲያልፍ ጠብቆ ሌላ ድምፅ ያወጣል። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች «ዛሬም ጉሮሮውን ዘጋው» እያሉ ያልፋሉ። ለእሱ ግን ዜማው ሙሉ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከአለቃ ዘርአ ዳዊት ደጅ ቆመ።

አለቃ ዘርአ ዳዊት የበገና መምህር ናቸው፤ ያን ጊዜ ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። በአገሩ ሰው አነጋገር ጠጠር የዋጡ ሰው ናቸው፤ አንድ አውታር በፀጉር ውፍረት ቢላላ ከሌላ ክፍል ሆነው ይሰማሉ፣ ሰምተውም አያልፉም። ከግድግዳቸው ላይ ዘጠኝ የእንጨት ችካሎች ነበሩ፤ በየችካሉ የአንድ የአንድ ተማሪ በገና ይሰቀልባቸው ነበር። ዘጠኙም ተማሪዎች፣ ሹመቱም ግብሩም ወደ እንጦጦ ወጥቷልና፣ ተመርቀው፣ በገናቸውን አንግበው ሄዱ። ከዘጠኙ አንዱ እንኳ ደብዳቤ አልላከም። የአለቃን የግራ እጅ ደግሞ ቁርጥማት ይዞታል፤ በክረምት ሦስት ጣት፣ በበጋ አራት ጣት ይታዘዛቸዋል። በገና በግራ እጅ ጣት እንደሚደረደር ለሚያውቅ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ራሳቸው መደርደር ትተዋል።

«ምን ፈልገህ ነው?» አሉ።

«በገና ሊያስተምሩኝ፣ የኔታ።»

«ዕድሜህ?»

«ዐርባ ሁለት።»

«ከሃያ ያለፈ አልቀበልም። ጣቱ ደርቆ ያልቃል።»

«የእኔ ጣት ሥራ አያውቅም፣ የኔታ። እምቢልታ ቀዳዳ የለውም፤ እንደ ተፈጠረ ነው ያለው።»

አለቃ ሊስቁ ፈለጉ፤ ግን ልማዳቸው ስላልሆነ ተዉት። «ስለ ምን በገና አልክ?»

«በገና የብቻ ነው ይላሉ። ባልንጀሮቼ እስኪያስጠሩኝ ድረስ ብቻዬን መሆን ልማር ብዬ ነው።»

አለቃ ዘጠኙን ችካሎች አዩ። «ነገ ጥፍርህን ሳትቆርጥ ና» አሉት።

እንግዲህ አንባቢ ሁለቱን በአንድ ቤት ያስባቸው። አለቃ የማያልፉት ነገር የለም፤ ወልደ ሰንበት የማይጠብቀው ነገር የለም። በመጀመሪያው ሦስት ወር አውታር ከመቃኘት በቀር አንዲት ዜማ መንካት ተከለከለ። ወልደ ሰንበት አልተከፋም፤ ሰባት ዓመት ዝም ማለት ለተማረ ሰው ሦስት ወር ምንም አይደለም። ቅኝቱን ከዘጠኙም ፈጥኖ ያዘ። ጣቱም፣ እንዳለው፣ ያልተነካ ነበር፤ ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል። አለቃ በልባቸው «ይኸ ሰው ይሆናል» አሉ፤ በአፋቸው ግን «ክርንህን ሰብስብ» ነበር ያሉት።

መደርደር ሲጀምር ጉዱ ታየ። አንዱን ሐረግ አሳምሮ ይደረድራል፤ ከዚያ እጁን ከአውታሩ ላይ አንሥቶ ዝም ይላል። ቀጥሎ ሁለተኛውን ሐረግ፤ ደግሞ ዝም። ዝም በሚልበት ጊዜ ፊቱ አይጨነቅም፤ ረስቶም አይደለም፤ ደጁን ያያል።

ባሏ የሞተባት የአለቃ ልጅ ይመኙሻል፣ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት፣ ከጓዳ ብቅ አለች። «አባቴ፣ ይኸ ሰው በገና ነው የሚደረድረው ወይስ እንግዳ ነው የሚቀበለው?»

«ሥራሽን ሥሪ» አሉ አለቃ።

«እሺ። ለሚመጡት ሰዎች ግን ጠላ ልጥመቅ?»

አለቃ ለዚህ በሽታ ያልሞከሩት መድኃኒት የለም። በየዝምታው ሦስት ስግደት ፈረዱበት፤ ጉልበቱ ተላጠ፣ ዝምታው ግን ቅንጣት አልቀነሰም። በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ አስቆጠሩት፤ እየቆጠረ ዝም አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቀመጥ አዘዙ፤ ያን ጊዜ ደጁን በጆሮው ማየት ጀመረ። «እንደ አንተ ያለ ድንጋይ ከጠጄ አምባ እስከ አፋር በረሓ ቢፈለግ አይገኝም» አሉት። «እውነት ነው፣ የኔታ» አለ፤ አነጋገሩ ከልብ ስለሆነ መልሰው ሊሰድቡት አልቻሉም።

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለቀ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አለቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ አንድ ነገር ገባቸው። ስሕተት ወጥ አይሆንም፤ አንድ ቦታ ይረዝማል፣ አንድ ቦታ ያጥራል። የዚህ ሰው ዝምታ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ልክ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስሕተት ሲሰሙ የኖሩ ጆሮዎች ይህን አያጡትም።

«አቁም። በዚህ ዝም ባልክበት ቦታ ምን አለ?» አሉት።

ወልደ ሰንበት አፈረ። ከዚያ በጉሮሮው፣ ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ አሰማ፤ ቀጥሎ አንድ ቀጭን። «መጀመሪያው ወልደአረጋይ ነው፤ ሁለተኛው ገብረአማኑኤል» አለ።

ይመኙሻልም በደጅ በኩል ቆማ ሰማች፤ በዚያ ቀን የቀለደችው ነገር የለም።

«ታዲያ አንተው ደርድራቸዋ!» አሉ አለቃ። «ዐሥር አውታር ተሰጥቶህ ሳለ! ወፍራሙን ለዚያኛው፣ ቀጭኑን ለዚህኛው።»

ወልደ ሰንበት እጁን ከበገናው ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው አነሣ። «የሰው ድምፅ ልውሰድ? የኔታ፣ ሰባት ዓመት የተገረፍኩት ይህን እንዳላደርግ ነው።»

አለቃ ቁጣ ቢጤ ነካክቷቸው ነበር፤ መልሰው ዋጡት። ጠጠር ዋጡ የተባሉት ሰው ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ይመኙሻል ለብዙ ዓመት ታወራው ነበር። «አልወሰድክባቸውም፣ ልጄ» አሉት። «እስኪመጡ ድረስ ያዝላቸው።»

በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ በገናው ሞላ። ወልደ ሰንበት የራሱን ሐረግ ይደረድራል፤ ተራው ሲያልቅ አውራ ጣቱ በወፍራሙ አውታር የወልደአረጋይን ያነሣል፤ ትንሿ ጣቱ የገብረአማኑኤልን ትቀበላለች። አለቃ እንዲህ ያለ አደራደር ከመምህራቸውም ከዘጠኙም ተማሪዎቻቸው ሰምተው አያውቁም። «ክርንህን ሰብስብ» አሉት፤ ክርኑ ተሰብስቦ ነበር።

በከተማውም ለውጥ ታየ። በየካቲት ማኅበር ላይ ወልደ ሰንበት ማንንም ሳይቆጥር ዳቦውን ተቀብሎ በላ። ማኅበርተኞቹ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ግን ዳቦው በጉሮሯቸው አልወርድ አለ። አስተናባሪው ሽማግሌ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ደጅ ተመለከቱ። «ምን ሆነናል ዛሬ?» አሉ፤ «ሰው የጎደለ መሰለኝ።»

አለቃ ዘርአ ዳዊት በዚያ ሰሞን የገዛ በገናቸውን ቆዳ ቅቤ አስቀቡት፤ ለማን እንደሚያዘጋጁት ግን ለማንም አልተናገሩም። ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ በአዳራሻቸው በየሁዳዴው በገና የሚያስደረድሩት እመቤት፣ «ዘንድሮ ማን ሊመጣልን ነው?» ብለው ልከው ነበር። «በኒቆዲሞስ እሑድ ተማሪዬ ይደረድራል፤ በዚያው እመርቀዋለሁ» ሲሉ መለሱ። «ተማሪዬ» የሚለውን ቃል ከተናገሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

በዚያ በገና ቤት ሥርዓት ያልተመረቀ ሰው መምህሩ በሌሉበት በሰው ፊት በገና አይነካም። የተመረቀ ደግሞ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ ከመምህሩ ደጅ አይርቅም። ዘጠኙም ይህን ዓመት ቆጥረው ነው የሄዱት፤ አንዳንዶቹማ ቀኑን በከሰል ከግድግዳው ላይ ምልክት እያደረጉ።

ከገብርኄር ቀጥሎ ባለው ረቡዕ ረሺድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ከእንጦጦ ሲመለስ በቅሎዎቹን ከአለቃ ደጅ አቆመ። ወልደ ሰንበት ለአውታር የሚሆን ጅማት ሊያመጣ ጎረቤላ ሄዶ ነበር።

«አለቃ፣ እምቢልተኛው ወልደ ሰንበት እርስዎ ዘንድ ነው ያለው አሉኝ።»

«ወጣ ብሏል። ምን ነበር?»

«መልእክት አለኝ። ወልደአረጋይና ገብረአማኑኤል ልከውኛል። በእሱ ቦታ አምስት ዓመት ሦስት ሰው ተፈራረቀበት፤ አንዱም አልሆነላቸውም፤ መንፋቱን ይችላሉ፣ ዝም ማለት አይችሉም አሉ። የመጨረሻው ሰሞኑን ተባሯል። የእምቢልተኞቹ ሹም 'እስከ ሆሳዕና ዋዜማ ካልመጣ የራሴን ሰው አስገባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን እንዳታነሡብኝ' ብሏቸዋል። 'ጠርተንሃል፣ ና' ብለውታል።» ረሺድ የበቅሎውን ልጓም በእጁ ጠቀለለ። «ወላሂ፣ አለቃ፣ ያ ዋርካ የሚያህል ሰውዬ ሲነግረኝ እንባው ይወርድ ነበር። እኔ ለዓርብ ገበያ መድረስ አለብኝ፤ አልቆይለትም። አደራዎን።»

«እነግረዋለሁ» አሉ አለቃ።

«አላህ ይስጥዎ» ብሎ ቁልቁለቱን ወረደ።

አለቃ ዘርአ ዳዊት ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ሳይመረምሩ የሚያደርጉት ነገር የለም። ስለዚህ ወልደ ሰንበት ከጎረቤላ እስኪመለስ ድረስ ነገሩን መረመሩት። አንደኛ፣ ተማሪ ለፈተና ሲዘጋጅ ልቡ መረበሽ የለበትም። ሁለተኛ፣ እንጦጦ ለእግረኛ አምስት ቀን ነው፤ ዛሬም ቢነሣ እሑድም ቢነሣ ከዋዜማው በፊት ይደርሳል። ሦስተኛውን ምክንያት ሲፈልጉ ዓይናቸው ባዶዎቹ ችካሎች ላይ ዐረፈ፤ ምርመራውንም በዚያው አቆሙት።

ወልደ ሰንበት ጅማቱን ይዞ ገባ። «የኔታ፣ የፈለገኝ ሰው ነበር አሉኝ፤ ማን ነው?»

«ነጋዴ ነው። አልፏል» አሉ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ እውነት ነው ለማለትም ግን የሚደፍር የለም።

መልእክቱን ከጓዳ ሆና የሰማችው ይመኙሻል ሐሙስ «ነገሩት?» አለቻቸው።

«ከእሑድ በኋላ።»

«ከየትኛው እሑድ፣ አባቴ?»

አለቃ በዚያን ቀን ተማሪውን ከጠዋት እስከ ማታ አስደረደሩት፤ እርማት አልነበራቸውም፤ ለመስማት ብቻ ነበር። ዓርብም እንዲሁ። ቅዳሜ አንድ ጊዜ «ወልደ ሰንበት» ብለው ጠሩት፤ «አቤት፣ የኔታ» ሲል «ክርንህን» አሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው በመጠበቁ የሰደቡት ሰው ጠዋት ጠዋት እያሳለ ከደጅ እስኪገባ ድረስ ዳዊታቸውን እንደማይገልጡ ያስተዋሉት በዚያ ሳምንት ነው። ይህ ልማድ መቼ እንደ ጀመራቸው አያውቁም።

እሑድ የወይዘሮ አመተ ማርያም አዳራሽ ሞላ። ካህናቱ በቀኝ፣ ሽማግሎቹ በግራ ተቀመጡ። ወልደ ሰንበት የአለቃን በገና ከፊቱ አቆመ፤ አውታሮቹን አንድ በአንድ ነካ፤ ጀመረ። ያ ከእንጨትና ከቆዳ የሚወጣ የሚያንዘረዝር ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ወፍራሙ ተራውን ጠብቆ ገባ፤ ቀጭኑ ተቀበለ። አንዲት ክፍተት አልነበረችም። ወይዘሮ አመተ ማርያም ኩታቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ፤ ከሽማግሎቹ አንዱ «ሦስት ሰው የሚደረድር ይመስላል» ብለው ለጎረቤታቸው አንሾካሾኩ። አለቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ነቀፋ ፈለጉ፤ አላገኙም።

አለቀ። ወልደ ሰንበት በገናውን አሳርፎ ከአለቃ እግር ሥር ተንበረከከ። አለቃ ቀኝ እጃቸውን በአንገቱ ላይ አደረጉ። ጉባኤው ምርቃቱን ይጠብቃል። ይመኙሻል ከምሰሶው አጠገብ ቆማ አባቷን ታያለች።

«የኔታ» አለ ወልደ ሰንበት፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ አንገቱን እንዳቀረቀረ። «ከምርቃቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቅ።»

«ዛሬ የሦስታችንም ድምፅ ከጣቴ ወጣ። ግን የሚተነፍስ አልነበረም። ወልደአረጋይ ከመንፋቱ በፊት በአፍንጫው አየር ይስብ ነበር፤ እሱን የሚያወጣ አውታር አጣሁ። አሁን ብቻዬን መሆን የቻልኩ ይመስለኛል። እርስዎ የማይሆን ነገር አይናገሩም። 'አይጠሩህም፤ መጠበቅህን ተው' ይበሉኝና ይመርቁኝ። ከእርስዎ አፍ ከሰማሁት አምኜ እቀመጣለሁ።»

የአለቃ እጅ በአንገቱ ላይ ከበደ። እሑድ ቀትር ነበር፤ እስከ ሆሳዕና ዋዜማ ስድስት ቀን፣ እስከ እንጦጦ አምስት ቀን መንገድ። ከመረቁት ዓመቱ በደጃቸው ይውላል፤ ያም ሸምበቆ ለዘለዓለም የሌላ ሰው ይሆናል። ከነገሩት ሳይመረቅ ይነሣል፤ ያልተመረቀ በሰው ፊት አይደረድርምና እንዲህ ያለ በገናም በዚህ አገር ዳግመኛ አይሰማም። ካህናቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አለቃ ዘርአ ዳዊት በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ለሰው ሁሉ ፍርድ ሲሰጡ ኖረው፣ አፋቸውን ከፍተው ቃል አጡ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ አንገት ላይ ያረፈው እጅ ያንተ ቢሆን ኖሮ፣ ከአፍህ አስቀድሞ የሚወጣው ምርቃቱ ነበር ወይስ መልእክቱ?